አባቴ እንባውን ያቆየበት ቀን

ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ሥራዬ ምን እንደሆነ ለሰው ማስረዳት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ባንክ ብሄድ፣ ፀጉሬን ልቆረጥ ብቀመጥ «ምንድን ነው የምታስተምረው?» ይሉኛል። «ፊዚክስ» እላለሁ። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር፤ አፌ አያርፍም። «ምርምሬ ግን በከዋክብት ላይ ነው» ያልኩ እንደሆነ አለቀልኝ። «እስቲ የኔን ኮከብ እይልኝ፣ ባሌ ይመለሳል ወይ?» የምትል አትጠፋም። የሰፈራችን ባለሱቅ እስከ ዛሬ ድረስ «ኮከብ ቆጣሪው» እያለ ነው ዳቦ የሚሸጥልኝ።

ዛሬ የምነግራችሁ ግን የሚያስቅ አይደለም። ሁለት ቀን ብቻ የፈጀ ነገር ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ሁለት ቀን በፊት የነበርኩት ሰው አይደለሁም።

ያኔ ዩኒቨርሲቲ እያስተማርኩ ጎን ለጎን ሦስተኛ ዲግሪዬን እሠራ ነበር። ቴሌስኮፕ የለኝም። ሌላ አገር ያሉ ትልልቅ ቴሌስኮፖች የለቀሙትን የከዋክብት ብርሃን በኢንተርኔት አወርዳለሁ፤ መብራትና ኔትወርክ የተስማሙ ቀን ቁጭ ብዬ እለካለሁ። ባለቤቴ ማርታ «በቀን ኮከብ የሚያይ ሰው ያገባሁት እኔ ብቻ ነኝ» እያለች ትስቅብኛለች።

አባቴ ከምባታ ውስጥ፣ አንጋጫ ነው የሚኖረው። ዕድሜውን ሙሉ ሕፃናት ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ አገሬው «መምህር» ብሎ የሚጠራው ሰው ነው። እናታችን ከሞተች ቆይታለች። ልጆቹ እኔና ታናሽ ወንድሜ ኤልያስ ነን። ኤልያስ እንደ ብዙው የአካባቢያችን ወጣት ደቡብ አፍሪካ ገብቶ ሱቅ ይዟል። ሲሄድ ገና ጢም አላወጣም ነበር።

አባቴ በአንድ ዓይኑ ብቻ ነበር የሚያየው። ግራው ድሮ ነው የጠፋው። ቀኙን ደግሞ እያደር ሞራ ሸፈነው። «እናስገፍፈው» ባልነው ቁጥር «ይቺም ብትጠፋብኝስ?» እያለ ዓመታት አለፉ። ኤልያስ በቪዲዮ ሲደውል ስልኩን እንደ ድሮው ጆሮው ላይ ይለጥፈዋል። «አባዬ፣ እኔ እኮ የማየው ጆሮህን ነው!» ይለዋል ኤልያስ። አባቴም «ጆሮዬም ናፍቆሃል» ይለዋል።

በመጨረሻ ኤልያስ «ለመሳላ እመጣለሁ» አለ። መሳላ መስቀላችን ነው፤ ከምባታ ውስጥ የትም የሄደ ልጅ ወደ ቤቱ የሚመለስበት በዓል። ያን ቀን አባቴ ራሱ ደወለልኝ። «ሐኪም ቤት ውሰደኝ። ልጄ መጥቶ ፊቱን ሳላይ መቅረት የለብኝም» አለኝ።

ሞራው ሆሳዕና ውስጥ በጠዋት ተገፈፈ። ዓይኑ ተሸፍኖ ሲወጣ ሲስተሯ አጠገቡ አቁማ አስጠነቀቀችኝ። «እንዳያሹት። እንዳያጎነብሱ። በተለይ እንዳያለቅሱ፣ እንዳይንሰቀሰቁ። ለቅሶ ቤት እንኳን ይቅርባቸው፤ ያለቻቸው አንድ ዓይን ናት።» አባቴ ሳቀና «ምን አስለቀሰኝ? ልጄ ሊመጣ ነው» አላት።

ቤት ወስጄ አስተኛሁት። ነገ ጠዋት ፋሻው እስኪነሣ ድረስ ጨለማ ውስጥ ነው። ሰልችቶት ነው መሰል ከሰዓት በኋላ ጠራኝ።

«በል ያንን ኮከብህን አስተምረኝ። ዛሬ ሌላ ሥራ የለኝም።»

ከአባቴ ጋር የምናወራው በከምባትኛ ነው። የትምህርት ነገር ሲነሣ ግን ሳናውቀው ሁለታችንም ወደ አማርኛ እንሻገራለን፤ እሱ ክፍል ውስጥ የቆመ፣ እኔ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የወጣሁ ይመስለናል።

«ግዙፎቹን ነው የማጠናው» አልኩት። «ከፀሐይ ብዙ እጥፍ የሚከብዱትን። ዕድሜያቸው ግን አጭር ነው፤ ነዳጃቸውን ቶሎ ይጨርሱታል። ከአንድ ደመና አብረው ይወለዳሉ። የአንድ ዘመን ልጆች ስለሆኑ ስብስባቸውን የከዋክብት ማኅበር እንለዋለን።»

«ማኅበር! ሰብሳቢያቸው ማነው?»

«የላቸውም። የሚይዛቸው ስበት ደካማ ስለሆነ እየተራራቁ ይሄዳሉ። እኔ የእያንዳንዳቸውን አካሄድ ለክቼ በስሌት ወደ ኋላ እመልሳቸዋለሁ። አብረው የነበሩበት ቦታ ይገኛል።»

«በስሌት ነው እንጂ አይመለሱም?»

«አይመለሱም።»

«እንደኛ ቤት» አለ። «ቀጥል።»

ቀጠልኩ። አብዛኞቹ ግዙፍ ከዋክብት ብቻቸውን እንደማይኖሩ፣ ጓደኛ እንዳላቸው፣ ሁለቱ እርስ በርስ እየተጎታተቱ እንደሚዞሩ ነገርኩት። ብዙ ጊዜ ጓደኛው አይታይም፤ የዋናው ብርሃን ይውጠዋል።

«ካልታየ መኖሩን በምን ታውቃለህ?»

«ከሚታየው። የሚታየው ኮከብ አካሄዱ ቀጥ አይልም፤ አንዴ ወደ እኛ ይመጣል፣ አንዴ ይርቃል። ብርሃኑን በትነን ስናየው ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች አሉት። ሲመጣ ወደ ሰማያዊው፣ ሲርቅ ወደ ቀዩ ፈቀቅ ይላሉ። መስመሮቹ ከተመላለሱ አንድ የሚጎትተው ነገር አጠገቡ አለ ማለት ነው።»

«ጥሩ ነው» አለ፤ የቤት ሥራዬን አርሞ «ራይት» ሲያደርግልኝ በነበረበት ድምፅ። «አንደኛው የሞተ እንደሆነስ?»

«ፈንድቶ ነው የሚሞተው። ያኔ የያዛቸው ስበት ይበጠስና የቀረው ይወረወራል። ከማኅበሩ ወጥቶ ብቻውን ይሄዳል።»

ይህን ብዬው ሻይ ላመጣለት ስነሣ ስልኬ ጮኸ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ሀንዲሶ ናቸው።

«መምህር አጠገብህ ናቸው?»

«አዎ።»

«ራቅ በል።»

«ራቅ በል» የተባለ ሰው ቀሪውን ልቡ ይነግረዋል። ጓሮ ወርጄ እንሰቱ መሐል ቆምኩ።

«ሳሙኤል፣ ወንድ ሁን። ኤልያስ አርፏል።»

ሌቦች ሱቁ ገብተው ደረቱን በጥይት መቱት። እኔ የሰማሁት ያን ሰዓት ነው፤ ዘመዶቻችን ግን ከሰሙ ቀናት አልፈዋል። ስልኩ ሲጠፋብን «ዕቃ ሊገዛ ሌላ ከተማ ሄዶ ነው፣ ኔትወርክ የለም» ያሉን ውሸት ነበር። ጮኼ እንዳላለቅስ መዳፌን ነከስኩ፤ የአባቴ መስኮት ቅርብ ነው።

«ለምን ለእኔ እንኳን…?»

«ያንተ ፊት ምስጢር አይችልም። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዛችሁ ነበር። ካወቅህ ያውቃሉ፣ ካወቁ ዓይናቸው ሳይሠራ ይቀራል። አሁን ስማኝ። አስከሬኑ ነገ ከሰዓት አንጋጫ ይገባል። ከነገ ወዲያ እንቀብራለን። መምህር አንተ ጋ ይቆዩ፤ አንተም ከእሳቸው አትለይ። ሲድኑ እኛው ሽማግሌ ይዘን መጥተን መርዶውን እናረዳለን።»

«ልጁን ሳይቀብር?»

«ታዲያ ዓይናቸው ይፍሰስ?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ብነግረው ያቺ አንዲት ዓይን ትጠፋለች። ባልነግረው ልጁ አባቱ ሳያየው አፈር ይለብሳል፤ ያውም ዓይኑን ያስከፈተው ያንን ልጅ ለማየት ነው። ፊቴን ታጥቤ ሻዩን ይዤ ገባሁ።

«ማን ነው?» አለኝ።

«ጋሼ ሀንዲሶ። ዓይንህን ጠየቁ።»

«ከኤልያስ ምን ሰሙ አሉህ?»

«አላነሡትም» አልኩ። አባቴን ፊት ለፊት ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነበር።

ማርታን ጓዳ ገብቼ ነገርኳት። ጥርሷን ነክሳ አለቀሰች። ስትወጣ አፍንጫዋን ትስባለች፤ አባቴን ሳይጠይቃት «ሽንኩርት ነው» አለችው። ፀሐይ ሳትጠልቅ የአንጋጫ ልጆች፣ ሆሳዕና የሚሠሩት ሁሉ፣ ተራ በተራ ይመጡ ጀመር። «እግዜር ይማርዎ መምህር።» «እንኳን ዓይንዎ ተሳካ።» ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ስለ ገብሱ ያወራሉ፣ ስለ ዓይኑ ደግመው ይጠይቃሉ። ሁሉም ሰምተዋል። አንዱ የወንድሜ አብሮ አደግ ነበር፤ የአባቴን እጅ ይዞ መልቀቅ አቃተው፣ ከዚያ ድንገት ተነሥቶ ወጣ።

አባቴ ጭንቅላቱን ወደየድምፁ እያዞረ ሰማቸው። መጀመሪያ ላይ ይቀልድ ነበር። እየቆየ መልሱ አጠረ። እንግዶቹ ሲያልቁ «ማርታ» ብሎ ተጣራ፤ «ዛሬ ስንት ኪሎ ሽንኩርት ነው የምትከትፊው?»

መልሷን ሳይጠብቅ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

ጠዋት ፋሻው ተነሣ። ዶክተሩ ጣቱን አሳየው፣ በር ላይ የተለጠፈውን አስነበበው፤ አባቴ እንደ ተማሪ ሁሉንም መለሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና አየኝ። ፊቴን በደንብ ካየ ስንት ዓመቱ! «ሸብተሃል እኮ!» ብሎ ሳቀ። ዶክተሩም ሳቀ። እኔ ለመሳቅ ሞከርኩ። የአባቴ ሳቅ ቀስ እያለ ሲጠፋ፣ ዓይኑ ግን ፊቴ ላይ እንደቀረ ታወቀኝ።

ጥቁር መነጽር ሰጡት። ሐኪም ቤቱ ግቢ ዛፍ ሥር አግዳሚ ነበረ፤ «ቁጭ እንበል» አለኝ። በአማርኛ ነው ያለኝ።

«ትናንት ያስተማርከኝን ልድገመውና ከተሳሳትኩ አርመኝ። የማይታየው ጓደኛ በሚታየው አካሄድ ይታወቃል። አይደል?»

«አዎ አባዬ።»

«ትናንት ቤትህ የመጣው ሰው ሁሉ ዓይኔን ጠየቀኝ። ከዚያ በፊት ግን እኔን ያገኘ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ ኤልያስ መቼ ነው የሚገባው? ይሉኛል። ትናንት አንድም ሰው አልጠየቀኝም። አፋቸው እዚያ ሲደርስ ዞሮ ይሄዳል። ሚስትህ ታለቅሳለች። አንተ ስልክ ሲመጣ ጓሮ ትወርዳለህ። ሁላችሁንም አንድ የሚጎትታችሁ ነገር አለ፤ ለእኔ ብቻ አልታየኝም።»

እዚህ ላይ አማርኛውን ተወና በከምባትኛ፣ ሕፃን ሆነን ስንታመም በሚያናግረን ድምፅ፣ «ልጄ ሞቷል ወይ?» አለኝ።

መዋሸት ነበረብኝ። ተባብለናል፣ ተስማምተናል። ግን አንገቴን ደፋሁ።

አልጮኸም። የአግዳሚውን ጠርዝ በሁለት እጁ ይዞ ትንፋሹን ሲውጥ ይሰማኛል። ደረቱ ይነሣል፣ ይወርዳል። እኔ ማልቀስ ስጀምር «ተው፣ አታስጀምረኝ» አለኝ። «የት ነው ያለው?»

«ዛሬ ከሰዓት አንጋጫ ይገባል። ነገ ነው ቀብሩ።»

«ያለ እኔ?»

«ዓይንህ እንዳይ…»

«ገብቶኛል። ተነሥ፣ እንሂድ።»

«አባዬ፣ ካለቀስህ ትጠፋለች። ዶክተሩ…»

«አላለቅስም» አለ። «እስካየው አላለቅስም። እንባ ከያዘኝ በምን አየዋለሁ?»

አንጋጫ ድረስ በሚኒባስ ሄድን። ያን መንገድ በዕድሜዬ ሙሉ ስመላለስበት ኖሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። አባቴ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። አገሩን ካየ ዓመታት አልፈዋል፤ የተከፈተችው ዓይኑ ሁሉን ነገር ታሳየዋለች፣ እንዳታይም አትችልም። «ይህ ቤት ቆርቆሮ ሆኗል» ይላል ዝግ ብሎ። «የእነ እገሌ እንሰት እንዴት አድጓል።» ተሳፋሪዎቹ መንገድ የሚያስጎበኘኝ ሽማግሌ ነው የመሰላቸው። ከጎኑ ያለች ሴት «አባባ፣ እንባ እኮ እየመጣብዎ ነው» ስትለው ቶሎ ብሎ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጣለና አፉን ከፍቶ በረጅሙ ተነፈሰ። እንባው ተመለሰ። እንዲህ ሲያደርግ ደጋግሜ አየሁት። የሰው ልጅ እንባውን በጉልበት ሲይዝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሁለተኛ ማየት አልፈልግም።

ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፣ አስከሬኑም ቀድሞን ገብቷል። ግቢው በለቅሶ ይናወጣል። አባቴ መነጽሩን አድርጎ፣ ከዘራውን ይዞ በሩ ላይ ሲቆም ለቅሶው ከፊት ወደ ኋላ እየሞተ ሄደ። ሰው ሁሉ እሱ እንደማያውቅ ነው የሚያውቀው። ጋሼ ሀንዲሶ ሮጠው መጥተው ክንዴን ጨመደዱት።

«ምን አደረግህ? ዓይናቸውን ገደልክ!»

«እሱ አልነገረኝም» አለ አባቴ። «ራሴ ነኝ የደረስኩበት። ሳጥኑን ክፈቱልኝ።»

«አይሆንም ወንድሜ። ከውጭ የመጣ ሬሳ አይከፈትም። እንዲህ ያለውን ማየት ለርስዎ…»

«ሀንዲሶ» አለ አባቴ፤ ክፍል ውስጥ ሲናገር የነበረው ድምፁ ተመለሰ። «ይቺን ዓይን ያስከፈትኳት የማንን ፊት ላይባት ነው?»

ጋሼ ሀንዲሶ መሬት መሬቱን አዩ። ሁለት ጎረምሶች የላይኛውን ክዳን አነሡት። ከሥሩ የኤልያስ ፊት የሚታይበት መስተዋት ነበረ።

አባቴ መነጽሩን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝ። ሲስተሯ እንዳያጎነብስ አስጠንቅቃ ነበርና ጎንበስ አላለም፤ ከዘራውን ተደግፎ በጉልበቱ ቀስ ብሎ ወረደና ፊቱን ከልጁ ፊት ትክክል አደረገ። ረጅም ጊዜ አየው። ግንባሩን አየ፣ አፍንጫውን አየ፤ ድሮ የተማሪ ወረቀት ሲያርም መስመር እንደማይዘለው አንድም ነገር አልዘለለም።

«ጢም አውጥቷል» አለ።

«እናቱን ነው የመሰለው። ልጅ እያለ እኔን ነበር የሚመስለው፤ አሁን እናቱን ሆኗል።» እጁን መስተዋቱ ላይ አደረገ። ትንሽ ቆይቶ «በቃ፣ አየሁት» አለ። ወደ ሰዉ ዞረና «አሁን ማልቀስ ይቻላል» አለን።

ከዚያ አለቀሰ። ከጠዋት ጀምሮ ያቆየውን ሁሉ አለቀሰ። አገሩም አብሮት አለቀሰ። እኔም ሳጥኑ ላይ ተደፍቼ ታናሼን በስሙ ጠራሁት።

አንባቢዎቼ፣ የዓይኑ ነገር መጨረሻው ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ጥቂት ሳምንት ደህና አየ። ከዚያ ቀላ፣ አመመው፣ ደፈረሰ። ዶክተሩን ለቅሶው ነው ወይ ብዬ ብጠይቀው «ነው ማለት አልችልም፣ አይደለም ማለትም አልችልም» አለኝ። ዛሬ አባቴ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ጋሼ ሀንዲሶ እስካሁን ሲያገኙኝ ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነው። አልፈርድባቸውም፤ እሳቸውም ወንድማቸውን ነው የሚወዱት። ልክ ነበርኩ ወይ እያልኩ ራሴን የምጠይቅበት ቀን ብዙ ነው። አባቴ ግን ሰው ከንፈር ሲመጥለት «ለሚያስፈልገኝ ያህል አይቻለሁ» ይላል።

እኔ ከዚያ ወዲህ የተለወጥኩት በአንድ ነገር ነው። ሐዘን መደበቅ የሚቻል ይመስለኝ ነበር። በባህላችን መርዶ የምናቆየው በፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ያ መርዶውን የምንደብቀው ሰው አጠገባችን ሆኖ አካሄዳችንን ያያል። የምንሸሸውን ስም፣ የምንወርድበትን ጓሮ፣ የምንከትፈውን ሽንኩርት ይቆጥራል። ሰው እንደሞተበት ብቻ ሳይሆን እሱ ብቻውን መቅረቱንም ያውቃል። እባካችሁ፣ የምትደብቁት ነገር ካለ ለአንድ ደቂቃ በተደበቀበት ሰው ወገን ሆናችሁ እዩት።

ምርምሬን ጨርሻለሁ። ዛሬም በኮምፒውተሬ ላይ አንድ መስመር ወደ ቀይ፣ ወደ ሰማያዊ ሲመላለስ ባየሁ ቁጥር እጄ ትንሽ ይቆማል።

ባለፈው መሳላ አንጋጫ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ከአባቴ ጋር ተቀምጠን ከየአገሩ የገቡት የጎረቤት ልጆች ሲሳሳቁ እንሰማለን። አባቴ በአማርኛ ጠየቀኝ።

«ያ ጓደኛው የሞተበት ኮከብ፣ አሁንም እየሄደ ነው?»

«አዎ አባዬ።»

«ብቻውን?»

«ብቻውን።»

እጁን ዘርግቶ ሲዳብስ ትከሻዬን አገኘው፤ ከዚያ ወደ ላይ ወጥቶ ፊቴን፣ ጢሜን ቀስ ብሎ ዳሰሰ። እጁን ሲመልስ ጣቶቹ ርሰው ነበር፤ ያለቀስኩት እኔ ነበርኩ፣ አልደበቅሁትም።